ሽማግሌ የተላከለት በረኛ

ኳስ ስጀምር አባቴን ያስጨነቀው መጫወቴ አልነበረም፤ በግራ እግሬ መጫወቴ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነው። ቤተ ክርስቲያን በቀኝ እግር ይገባል፣ ጠበል በቀኝ እጅ ይቀበሉታል፣ ቀኝ በረከት ነው። የእሱ ልጅ ደግሞ፣ ያውም ዲያቆን ሆኖ፣ በሰቆጣ ሕዝብ ፊት ኳስ በግራ እግሩ ይለጋል። «ምነው፣ ያኛው እግርህ ታመመ እንዴ?» ይለኝ ነበር። «አይ፣ እሱ መቆሚያ ነው» ስለው እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ አባቴ ግን አይስቅም።

ግራ እግሬን መጀመሪያ ያከበረልኝ የሳይንስ መምህራችን ነው። ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ ቀጭን፣ ሲናደድ የሚስቅ ሰው ነበር። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። በዚያን ጊዜ የእኛ ትምህርት ቤት ለስፖርት ብቻ የተቀጠረ መምህር አልነበረውም፤ ፊሽካ ያለው መምህር የስፖርት መምህር ይባላል። ፊሽካ ይዞ የመጣው ደግሞ እሱ ነበር። ኳስም ይዞ መጣ፤ ካላማዳሪው፣ ማለት የውስጥ ጎማው፣ በብስክሌት መንፊያ የሚነፋ፣ አፉ በጠፍር የሚጠለፍ እውነተኛ የቆዳ ኳስ። ከዚያ በፊት እኛ የምናውቀው የጨርቅ ኳስ ነው፤ ያም ዝናብ ሲነካው እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

ሜዳችን ከከተማው ጥግ፣ ወደ ወንዙ ያዘነበለ ቦታ ነበር። ወደ ታች የሚያጠቃ ቡድን ልቡ ያብጣል፤ ነገር ግን ኳሷ ከሜዳ ከወጣች ሄዳ የምትቆመው ከወንዙ ስለሆነ የሚያመጣትም እሱ ነው። በገበያ ቀን ጨው የጫኑ አህዮች በመሐል ሜዳ ያልፋሉ። ጨዋታው ይቆማል፣ አህዮቹ ያልፋሉ፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ለዚህ የሚቆጣ ሰው አልነበረም።

መምህሩ ከሁሉ ነጥሎ አየኝና ግራ ክንፍ ላይ አቆመኝ። «ቀኝ እግርማ ሁሉም አለው» አለ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። «ይኼ ግን ተፈልጎ አይገኝም።» እቤት ውስጥ የምታፈርበትን ነገር ደጅ ስትወጣ ሲያሞግሱልህ ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል። ከዚያን ቀን በኋላ በከተማው ስሄድ አካሄዴ ተለወጠ። እህቴ ከኋላዬ ሆና አረማመዴን እያስመሰለች ጎረቤቱን ታስቅብኝ ነበር።

እህቴ ከእኔ በጥቂት ታንሳለች። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ለትዳር ደርሳ ነበርና ከዛሬ ነገ ይመጡባታል እየተባለ የምትኖር ልጅ ናት። ሥራዋን ስትጨርስ ከቤታችን ጓሮ የጨርቅ ኳስ ትመታልኛለች። ይህን የምናውቀው እኔና እሷ፣ ምናልባትም እናቴ ነን።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ መምህራችን ኮረም ተዛውሮ ጠበቀን። ደህና ሁኑ ሳይለን ነው የሄደው፤ ማዛወሪያው በክረምት ስለደረሰው ማንን አግኝቶ ይሰናበት። በሱ ፈንታ የጂኦግራፊ መምህር ከሸዋ መጣ። አጠር ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ፊሽካ ነበረው። ስለዚህ የስፖርት መምህራችን ሆነ።

በመጀመሪያው ልምምድ ኳስ የሚባል አላሳየንም። ሽቅብ አስሮጠን፣ ቁልቁል አስሮጠን፣ ምራቃችን ደረቀ። ከዚያ አሰለፈንና ቦታ ቦታችንን ይናገር ጀመር። እኔ ጋ ሲደርስ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ በር ግባ» አለኝ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። በእኛ ዘንድ በረኛ ማለት መሮጥ የማይችል፣ ወይም የታመመ፣ ወይም ወንድሙ ጎበዝ ስለሆነ ሊያባርሩት ያልፈለጉት ልጅ ነው። እረፍት ያማረው ሰው ነው በር የሚገባው። «እኔ እኮ ግራ ክንፍ ነኝ» አልኩት። «ነበርክ» አለኝ። «ለምን?» ስለው ፊሽካውን ነፋ። በእኔ ቦታ አንድ ከኒሯቅ የመጣ ልጅ ተተካ፤ መልካም ልጅ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን ቀኝ እግረኛ። በግራ ክንፍ ላይ ቀኝ እግረኛ! ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ ደግሞ አላርፍም፤ እቤት ገብቼ ለእናቴ፣ ለአባቴ፣ ለጎረቤት፣ ለሰማኝ ሁሉ ተናገርኩ። አባቴ ብቻ «በዚያውስ ግራ እግርህ ያርፋል» ብሎ ወደ ዳዊቱ ተመለሰ።

ሳምንታት በር ላይ ቆምኩ። ኳስ ሲመጣ እይዛለሁ፣ ሲያልፍ አመጣለሁ። የሚደንቀው ነገር መያዙ አልከበደኝም። እህቴ ማታ ማታ ከጓሮ ስትመታልኝ በግራም በቀኝም እደርስባታለሁ። አንድ ቀን ኳሷን ታቅፋ ቆመችና «አንተ፣ እውነት ልንገርህ? በር ይሻልሃል» አለችኝ።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ክንፍ ላይ ሳለህ ኳስ ስታገኝ መጀመሪያ ዞር ብለህ ሰው አየኝ ወይ ትላለህ። በር ላይ ግን የምታየው ኳሷን ነው።»

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን አላናገርኳትም። እውነት በመናገሯ ነው የተናደድኩባት፤ ይህን ግን ያን ጊዜ ብትገድሉኝ አላምንም ነበር።

በኅዳር አንድ የጨው ነጋዴ ከኮረም መጣ። የአባቴ የንስሐ ልጅ ነው፤ በመጣ ቁጥር እቤታችን ሳይደርስ አያልፍም። ከደጅ ለብቻዬ ጠራኝና የቀድሞው መምህሬ የላከውን ቃል ነገረኝ። መምህሩ ኮረም ውስጥ ጠንካራ ቡድን ይዟል፤ ግራ ክንፉ ግን ባዶ ነው። እኔ እሱ ጋ ተቀምጬ እንድማር፣ እንድጫወትም ይፈልጋል። «አባቱን ጠይቅልኝ ብሎኛል» አለኝ ነጋዴው።

ልቤ ክንፍ አወጣ። ኮረም የመኪና መንገድ ላይ ናት። የኮረም ልጆች ለውድድር በመኪና ይሄዳሉ፤ እኛ በእግራችን እንሄዳለን። ከሁሉ በላይ ግን ግራ እግሬን የሚያውቅ ሰው እዚያ አለ። «ዛሬውኑ ጠይቅልኝ» አልኩት። ነጋዴው ጢሙን እያሻሸ አሰበ። አዋቂ ሰው ነው፤ ከአፋር እስከ ሰቆጣ ያለውን የጨው ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሰው ልጅ ለኳስ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ማን አስተምሮት ያውቃል? «የሰው ልጅ ከቤቱ እንዲህ በደረቁ አይጠየቅም» አለኝና ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጋዴው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከግቢያችን ገባ። ሦስቱም ነጭ ለብሰዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው፣ ግቢው መሐል ቆሙ።

አባቴ ወጣ። «ምነው ቆማችሁ? ቤት ግቡ፣ ቁጭ በሉ እንጂ።»

«አባታችን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

በአገራችን ይህን ቃል ከሰማህ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግህም። እንዲህ የሚቆመው ሴት ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ብቻ ነው። እናቴ የያዘችውን ጣለች። እህቴ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ከቤቱ ውስጠኛ ክፍል ገብታ ከጎተራው ኋላ ተሸሸገች። ፊቷን አይቼዋለሁ፤ ደም የሚባል አልነበረውም። እኔ በረንዳው ላይ በርጩማ ተሸክሜ እንደ ቆምኩ ቀረሁ፤ ነጋዴው ምን እንዳደረገ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ልብሱን አስተካክሎ «እሺ፣ ምን እግር ጣላችሁ?» አለ።

በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባታችን፣ ከእርስዎ ጋር መዛመድ ክብር ነው። ቤትዎ የተከበረ ነው። ልጆችዎ የታነጹ ናቸው። እኛም የመጣነው ወንዱን ልጅዎን ልንለምን ነው።»

«ወንዱን?»

«ወንዱን።»

«ለማን?»

«ለኮረም» አለ ሽማግሌው ሳያፍር።

አባቴ ሦስቱንም ተራ በተራ አየ። ከጎተራው ኋላ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ፤ ለቅሶ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እህቴ ግን እየሳቀች ነበር። ሳቋ ዕንባ ቀላቅሎ ነበር፤ መሳቋን ከማቆሟ በፊት ማልቀሷን ጀመረች። እናቴ ገብታ ደረቷ ላይ እስክታስጠጋት ድረስ ሁለቱን አልለየቻቸውም።

አባቴ ነገሩ ሲገባው ሊስቅ ይችል ነበር። ጣራ ሥር አስገብቶ ጠላ አጠጥቶ ሊሸኛቸውም ይችል ነበር። ግን አባቴ ሥርዓት ሲያይ ሥርዓቱን የሚጨርስ ሰው ነው፤ ማኅሌት ተጀምሮ አይቋረጥም። በወጉ የተጠየቀ ነገር በወጉ ይመለሳል። «የሚወስደው ሰው የማን ልጅ ነው?» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነጋዴው «የደሴ ሰው ነው፣ የመንግሥት ደሞዝተኛ ነው» አለ። «ደሞዝማ አጥንት አይሆንም» አለ አባቴ። ቀጥሎም ከዘመድ እንደሚመካከር፣ ከገና በኋላ እንዲመለሱ፣ ሲመለሱም የሚወስደው ሰው ራሱ አብሮ እንዲመጣ ተናገረ። «ልጄን የማላውቀው ሰው አይወስደውም፤ መጥቶ ከፊቴ ይቁም።» ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። በዚያ ቀን አንዳቸውም አልተቀመጡም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ግቢ ስገባ ልጆቹ እልል አሉ። አንዱ «ሙሽራው መጣ» አለ፤ አንዱ ጥሎሹ ስንት ኳስ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀኑን ሙሉ ተጣላሁ። አዲሱ መምህር በመስኮት ቆሞ ሁሉን ይሰማ ነበር። ኋላ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ ነገሩን ሲሰማ ስቆ «ተማሪ በሽማግሌ ይዛወራል እንዴ?» ብሎ ነበር። ዳይሬክተሩ የላስታ ሰው ናቸው። «በዚህ አገር አንዱ ሽማግሌ ልኮ ሌላው ዝም ካለ፣ ዝም ያለው አይፈልግም ማለት ነው» አሉት። መምህሩም ሳቁን አቆመ ይባላል።

እስከ ገና ያለው ጊዜ ለእኔ ረጅም ነበር። ልሄድ ነው ብዬ ወስኛለሁ። ኮረምን በሕልሜ አያታለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ በር ላይ ስቆም አንድ ነገር እየለመደብኝ ነበር። ክንፍ ላይ ሳለሁ የማየው ከፊቴ ያለውን ብቻ ነበር። ከበር ግን ሜዳው በሙሉ ይታያል፤ ማን እንደደከመ፣ ማን የሚጠብቀውን ሰው ትቶ እንደሄደ፣ ከየት በኩል ሊመጣብን እንደሆነ። ሳላስበው መጣራት ጀመርኩ፤ ያውም በአገውኛ፤ ምክንያቱም ስቸኩል የሚመጣልኝ የእናቴ ቋንቋ ነው። ተከላካዮቹ ድምፄን እየሰሙ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደኝ።

የገና ጾም ተፈታ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ቀጠሮው ደረሰ። ጠዋት ነጋዴውና ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ከእነሱ ጋር የቀድሞው መምህሬ። በመኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግሩ መጥቶ አቧራ ለብሶ ነበር። ሲያየኝ ዓይኑ ሳቀ፤ እኔ ግን ሮጬ ልጠመጠምበት ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ የተጠየቀ ሰው ወደ ጠያቂው አይሮጥም። ገና ሰላምታው ሳያልቅ በሌላ በኩል የግቢያችን በር ተከፈተ። ዳይሬክተሩ፣ አንድ የከተማው ሽማግሌ፣ ከኋላቸውም አዲሱ መምህር ገቡ። ጫማው ተወልውሏል፤ ነጠላ ደርቧል። ነጠላው የሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ አጣፍቶት የቆመው በተሳሳተ ትከሻ ነበር።

ሁለቱ መምህራን ግቢው መሐል ፊት ለፊት ቆሙ። አባቴ ከመደቡ ተነሥቶ ሁለቱንም አየ። በዚያች ደቂቃ ያየሁበትን ደስታ በሌላ ጊዜ አላየሁበትም ብል አልዋሸሁም።

«መጀመሪያ የመጣ መጀመሪያ ይናገር» አለ። «ልጄን ለምን ትፈልገዋለህ?»

የቀድሞው መምህሬ አልተጨነቀም። «ለግራ እግሩ ነው፣ አባታችን። እንዲህ ያለ እግር በአውራጃው የለም። እኔ ጋ ቢመጣ አስተምረዋለሁ፣ እንደ ወንድሜ አኖረዋለሁ። እዚህ በር ላይ ቆሞ ሲባክን መስማት አንጀቴን ይበላዋል።»

ውስጤ ቀለጠ። አባቴ ራሱን ነቀነቀና ወደ አዲሱ ዞረ። «አንተስ? አንተ ልጄን ምን አጥፍቶ ነው በር ላይ ያቆምከው?»

አዲሱ መምህር ላብ አጥምቆታል። እንደኔ ግምት በሕይወቱ ለማንም ምክንያቱን ተናግሮ አያውቅም። «አላጠፋም፣ አባታችን» አለ። «እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ። በመጣሁበት በመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴ አስቀድሻለሁ፤ ዘግይቼ ስለደረስኩ ከቅጥሩ ውጭ ነበርኩ። ውጭ ደክሟቸው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዲያቆኑ ሕዝቡን ለጸሎት ሲያስነሣ ድምፁ ከቅጥሩ ዘልሎ መጣ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ብድግ አሉ። እኔም ተነሣሁ። ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ የእርስዎ ልጅ መሆኑን ነገሩኝ።» ፊቱን በነጠላው ጠረገ። «ቡድኑን ስረከብ ሁሉም ይሮጣል፣ ማንም ማንንም አያይም። ከኋላ ቆሞ ሁሉን የሚያይ፣ ሲጣራም የሚነሡለት ሰው ፈለግሁ። እግር ሌላም አገኛለሁ። ያን ድምፅ ግን ከየት አመጣለሁ? አሁን ደግሞ በአገውኛ ይጣራል፤ እኔ መምህሩ ቋንቋውን አልሰማም። ኮረሞችማ ምኑን ሊረዱት ነው?»

ለኮረም የመጡት ሽማግሌዎች ሳይወዱ ሳቁ።

«ይህን ለልጁ ነግረኸዋል?» አለ አባቴ።

«አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«መምህር ለተማሪው ምክንያት ይናገራል እንዴ፣ አባታችን?»

አባቴ ሳቀ። ዕድሜውን በሙሉ ዜማ አስተምሮ ለአንድ ተማሪ እንኳ ምክንያት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነበር። «እውነትህን ነው» አለ። «እኔም ተናግሬ አላውቅም።» ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

አንዱ ሽማግሌ «አባታችን፣ ይህ ወግ አይደለም። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ልጅ ተጠይቆ አያውቅም» አለ።

«ለኳስም ሽማግሌ ተልኮ አያውቅም» አለ አባቴ። «ይናገር።»

ወራት ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ከአፌ ጫፍ ነበር። የቀድሞ መምህሬን እወደዋለሁ፤ ዛሬም እወደዋለሁ። እግሬን ከነውር አውጥቶ ሰው ያደረገው እሱ ነው። ግን እዚያ ቆሜ ሳለሁ የሚሰማኝ ሌላ ነገር ሆነ። እኔን፣ ሰው ሳያየኝ እንዳይቀር እፈራ የነበርኩትን፣ ሳላውቀው፣ ሥራዬን እየሠራሁ ሳለሁ፣ ከቅጥር ውጭ የቆመ እንግዳ ሰምቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሰቆጣ ሜዳ ላይ ተከላካዮቼ ድምፄን ሰምተው ወደ ግራ ሲጠጉ ታየኝ። እነሱን ማን ሊጣራላቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

«እዚሁ ብሆን ደስ ይለኛል» አልኩ። «በር ላይ።» ድምፄ እንደ ሕፃን ተሰባበረ፤ ያ የተሞገሰ ድምፅ።

የቀድሞው መምህሬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። ፊቱ ላይ ቅሬታ አለ፤ አልደበቀውም። «ይሁን» አለኝ። «ግን ኳስ ስትመልስ በግራህ ልጋ። ባክኖ እንዳልሰማ።» እናቴ ሁሉንም ቤት አስገብታ ጠላ ቀዳች፤ ሁለቱ መምህራን እስኪመሽ ድረስ ስለ ደሴና ስለ ሸዋ ሲያወሩ ዋሉ። የኮረም ሽማግሌዎችም ባዶ እጃቸውን አልሄዱም፤ የአባቴን ምርቃት ይዘው ሄዱ።

እንግዶቹ ሲወጡ እህቴ ዋንጫ ታጥብ ነበር። ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ትስቅብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። «አባባ ጠየቀህ» አለች ብቻ። እኔም ያን ጊዜ ምን ማለቷ እንደሆነ በደንብ አልገባኝም።

ከፋሲካ በኋላ ከኮረም ጋር ኮረም ሄደን ተጋጠምን። በእግራችን ነው የሄድነው። ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ፤ ኮረሞች እየተገረሙ ያዩኝ ነበር፤ የኒሯቁ ልጅ በግራ ክንፍ በቀኝ እግሩ አገባ፤ እነሱም አገቡብን፤ አንድ ለአንድ ወጣን። ያገባብኝ ልጅ ከቀድሞው መምህሬ ትከሻ ላይ ወጥቶ ሲጨፍር አይቼ ቀናሁ፤ ትንሽ ብቻ። አባቴ ወሬውን ሲሰማ «ድምፅህ የተዘጋው የፋሲካ ማኅሌት ካለፈ በኋላ መሆኑ ደህና ነው» አለኝ።

በዓመቱ፣ በጥር፣ ከፃግብጂ ሽማግሌዎች መጡ። ግቢያችን መሐል ቆሙ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ይህን ጊዜ የመጡት ለእህቴ ነበር።

እህቴ በዚህ ጊዜ አልተደበቀችም። ከምድጃው አጠገብ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። አባቴ የሽማግሌዎቹን ቃል እስከ መጨረሻው ሰማ። ቤተሰቡን ያውቀዋል፤ ደህና ቤተሰብ ነው። እንደ ወጉ ቀጠሮ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት አየሁት። ከፈተውና ዘጋው። ከዚያ ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ ትቶ ቤት ገባ። እናቴ ምን ሊሆን ነው ብላ ተነሣች። አባቴ ከእህቴ ፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። እንዲህ ከፊቷ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

እህቴ ቀና አለችና ረጅም ጊዜ አየችው። ደጅ ያሉት ሽማግሌዎች ሳል ጀመሩ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወንድሜን ስትጠይቀው ሰዎቹ ከፊቱ ቆመው ነበር» አለች። «ከራሳቸው አፍም ሰምቷል። እኔም የሚወስደኝን ሰው ልየው፣ አባባ። መጥቶ ይቁም፤ ለምን እንደሚፈልገኝም ይናገር።»

አባቴ ተነሣ፣ ወደ ደጅ ወጣ፣ ለሽማግሌዎቹ «ልጁን አምጡት፤ ልጄ ልታየው ትፈልጋለች» አላቸው። ዛሬም ድረስ ይህን ያህል የደነገጡ ሰዎች አይቼ አላውቅም። አንደኛው ሦስት ጊዜ አስደገመው። ከተማው ለሳምንት ያወራው ይህን ብቻ ነው፤ «መሪጌታ ለኳስ ያደረገውን ለሴት ልጁም አደረገ» እየተባለ። አባቴን የሚነቅፉም ነበሩ።

ልጁ መጣ። ገበሬ ነው፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ ዱላውን የት እንደሚያደርግ ግራ የገባው። ግቢው መሐል ሰው ሁሉ እያየው ለምን እንደሚፈልጋት ሲጠየቅ ጆሮው ቀላ። በመጨረሻ፣ ገበያ ላይ ከአንድ ነጋዴ ጋር ስትከራከር አይቷት እንደነበርና እንዳሸነፈችው ተናገረ። ሌላ ምክንያት አላቀረበም። እህቴ ከበሩ ወጥታ፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ «እሺ» አለች።

ሲደሰቱም ሲጣሉም እስከ ዛሬ አብረው አሉ። ስትቆጣው ታዲያ እንደሌሎቹ ሴቶች ወላጆቿን አትረግምም። «ማንም አላስገደደኝም፤ መርጬ ያመጣሁህ እኔው ነኝ» ትለዋለች።